ድምፄ ይጥፋ

አባ ቴፕ የሞቱት ረቡዕ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ይህን ያህል በእርግጠኝነት መናገር የተቻለው የቤተ መዛግብቱ የእሳት ደወል በየሳምንቱ ረቡዕ ልክ በአራት ሰዓት ለሙከራ ስለሚደወል ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሠራተኛው ደወሉን በሰማ ቁጥር ደረጃውን እየዘለለ ይወርድ ነበር። ኋላ ለመደውና ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በዚያ ረቡዕም ደወሉ ሲጮኽ ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኤሌክትሪሻኑ በጥበቃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ መብራት የማይገባት አንዲት ቀይ አምፖል በርታ አየና ወደ ምድር ቤት ወረደ።

መርማሪዋ የደረሰችው በአምስት ተኩል ነው። ባልደረቦቿ «ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ብሎ ቦርሳውን ሲያነሣ እሷ «ቆይ» ስለምትል ነው። ስሙን አትወደውም፣ ሲጠሯት ግን አቤት ትላለች። ሃምሳን ተሻግራለች፣ ጉልበቷ ደረጃ አይወድም፣ ዐይኗም ከሰው ፊት ይልቅ ወለል ላይ መዋል ያበዛል።

የምድር ቤቱ ክፍል ጠባብና ቀዝቃዛ ነው። ግራና ቀኙ መዝገብ የሚቀዳበት የመረጃ ቴፕ መደርደሪያ፣ መጨረሻው ላይ ያለማቋረጥ የሚያጉረመርሙ ሰርቨሮች። የመሬቱም፣ የልደቱም፣ የፍርድ ቤቱም ዲጂታል መዝገብ ያለው እዚያ ነው። አባ ቴፕ ሠላሳ አንድ ዓመት ከነዚያ ቴፖች ጋር ኖሩ፤ ስማቸውም ከዚያው ወጣ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። አሁን ከበሩ ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል።

«ሙከራው ደወል ብቻ ነው» አለ ኤሌክትሪሻኑ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት አንዴ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዴ ያወጣዋል። «ጋዝ አይለቅም። እዚህ ውሃ ቢረጭ መዝገቡ ስለሚበላሽ፣ እሳት ቢነሣ በጋዝ ነው የሚታፈነው። ጋዙ ደግሞ አየሩን ያሳጣል። እንዲለቀቅ ይቺን ቀይ እጀታ ሰው መሳብ አለበት።»

እጀታዋ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ናት። የፕላስቲክ ማኅተሟ ተበጥሷል።

«ከተሳበች በኋላስ?»

«ሠላሳ ሰከንድ እየደወለ ይቆያል፤ ውስጥ ያለ ሰው እንዲወጣ። ዛሬ ከሙከራው ደወል ጋር ስለገጠመ ማንም አልለየውም። በሩ ከውስጥ አይቆለፍም። ሲገፉት ወደ ውጭ ይከፈታል። እኔ ስመጣም ዝም ብሎ ነው የተከፈተልኝ።»

የቤቱ ኃላፊ ከኋላ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ንጹሕ ሰው ነው፤ ሬሳ አጠገብ ቆሞ እንኳ የከረባቱን ቋጠሮ ያስተካክላል።

«መቼም እንዲህ ያለ ነገር ማለት ይከብዳል» አለ፤ «ግን ሰውየው ራሳቸው ናቸው። እጀታውን ሳቡ፣ ገቡ፣ በሩን ዘጉ። ወረቀትም ትተዋል። ሁለተኛ ፎቅ ቃለ መጠይቅ የምታደርገው አጥኚ ጋ ነው ያለው። እኔ እንደሚመስለኝ ጉዳዩ አልቋል።»

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ተንበርክካ የሽማግሌውን እጆች ገለበጠች። ሁለቱም መዳፎች ከአንጓው በላይ በልዘዋል። የቀኝ ትከሻቸውን አብሯት የመጣው ሐኪም ገልጦ አሳያት፤ እሱም እንደዚሁ ነበር። ከሹራባቸው ሥር፣ ሸሚዛቸው ውስጥ አንድ የመዳፍ ስፋት ያለው ቴፕ አለ። በሥርዓት በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ «ማሳደጊያ፣ የማረጋገጫ ቅጽ» ይላል።

ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ወለሉን ማየት ጀመረች። ከበሩ ፊት ተነሥተው እስከ ተቃራኒው ግድግዳ የሚሄዱ ሁለት ጥቁር ጭረቶች አሉ። ጭረቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ካርቶን የተቆለለበት ጋሪ ቆሟል። በእግሯ ገፋችው። ንቅንቅ አላለም።

«ፍሬኑ ተረግጧል» አለ ኤሌክትሪሻኑ፣ ግራ ገብቶት። «ማነው የረገጠው? እዚህ የምንሠራ ሰዎች ያንን ፍሬን አንነካም። አንዴ ከተረገጠ በካቻቢቴ ካልፈነቀሉት አይነሣም። አባ ቴፕ ራሳቸው ናቸው ‹ንክች እንዳታደርጉ› ያሉን።»

መርማሪዋ ቴፑን ሰጠችው። «ይኼን የሚያነብ ማሽን አለ?»

«አለ። ግን አሮጌ ነው፤ አራት አምስት ሰዓት ይፈጅበታል።»

«ከዚህ ፖሊስ ጋር ሆነህ አስነብበው። ከማሽኑ አጠገብ እንዳትርቁ።»

አጥኚዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በውሰት የተሰጣት ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። የዶክትሬት ተማሪ ናት። ዲጂታል መዛግብት እንዴት እንደሚቆዩና እንዴት እንደሚጠፉ ለማወቅ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጋር ቃለ መጠይቅ ታደርጋለች። ከበሯ ውጭ ቀዳዳ ያላት የተቆለፈች ትንሽ ሣጥን ተሰቅላለች። ቃሉን ሰጥቶ ሐሳቡን የቀየረ ሰው ወረቀቱን የሚከተው እዚያ ነው። እሷም በየቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ትከፍታታለች።

ወረቀቱን በጥፍሯ ጫፍ ገፋ አደረገችላት። በኮምፒውተር የተጻፈ ነው፦ «በቃለ መጠይቅ ቁጥር 14 የሰጠሁትን ፈቃድ አንሥቻለሁ። ድምፄ ይጥፋ።» ከሥሩ ፊርማ አለ።

«ፊርማው የሳቸው ነው?»

«ይመስላል።»

የሚመስል ፊርማ ለመርማሪዋ ምንም አይጠቅማትም። የፊርማ ባለሙያው ሁለት ቀን ይወስድበታል።

«መቼ ነው ያነጋገርሻቸው?»

«ባለፈው ሐሙስ፣ አርባ ደቂቃ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ሁለተኛ ቀጠሮ ነበረን።»

«ምን ነገሩሽ?»

«ልነግርዎት አልችልም።»

«የኔ ልጅ፣ ሰውየው እኮ ሞተዋል።»

«የሰጠኋቸው ቃል አልሞተም።» ድምፅዋ ምንም ስሜት የለበትም፤ ፊቷም እንደዚያው ነው። «ፈቃዱን ያነሣ ሰው ድምፅ ከነጽሑፉ በዕለቱ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ይጥፋ ይላል ደንቡ። ዛሬ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ አጠፋዋለሁ። ፖሊስ ስለጠየቀኝ ባላጠፋው፣ ነገ ማን ይናገረኛል?»

«ወረቀት ብቻ አይተሽ ነው የምታጠፊው?»

«አይደለም። ደውዬ አረጋግጣለሁ። ዛሬም ወረቀቱን እንዳየሁ ስልኬን አነሣሁ።» ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው። «ምድር ቤት የሆነውን የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። ሰውየው ካልተገኘ ደግሞ ወረቀቱ ይጸናል ይላል ደንቡ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን መልሳ አየችው። «ይቺን ዐሥራ አራት ማን ነው የሚያወጣት?»

«እኔ። ማታ ቤቴ ገብቼ። የሰውየው ስም እንዳይታወቅ ፋይሉ በቁጥር ብቻ ይጠራል።»

«እሳቸውስ ቁጥራቸውን ያውቃሉ?»

«ለማንም አይነገርም። ስምና ቁጥር የሚገናኙት አንድ ደብተር ላይ ነው፤ ደብተሩ ካዝና ውስጥ፣ ቁልፉ እኔ አንገት ላይ።» ከሸሚዟ ሥር አውጥታ አሳየቻት።

«ድምፁን ካንቺ ሌላ የሚሰማው አለ?»

አጥኚዋ ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረች። «ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው ሰው። እሱም ቁጥር እንጂ ስም አይሰጠውም። ምሥጢር ሊጠብቅ ፈርሟል። ሰኞ ነው ገልብጦ የጨረሰው።»

«ማነው?»

«የዚሁ ቤት ሠራተኛ ነው። ሦስተኛ ፎቅ። ፈጣኑ ይሉታል።»

«ፋይሉን ማጥፋት ይችላል?»

«መስማት ብቻ። የማጥፋቱ ሥልጣን የኔ ነው።»

ፈጣኑ ስሙ ከጣቶቹ የመጣ ነው፤ እንደሱ የሚተይብ በቤቱ የለም። አርባ አምስት ዓመት ይሆነዋል። እግሩ ሥር ድምፁን የሚያስኬድና የሚያቆም ፔዳል አለ፤ ጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። መርማሪዋ ስትገባ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት። ጨዋ ሰው ነው፤ ይኼን ማንም አይክደውም።

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለነበር ደወሉን እንኳ አልሰማሁም።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«በሬን ዘግቼ ነው የምሠራው። የሰው ምሥጢር ነው የምሰማው።»

«አባ ቴፕን ያውቋቸው ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ሳገባ ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው።» ዐይኑ እንባ አቀረረ። የእውነት እንባ ነበር፤ በኋላም መርማሪዋ ይኼን እንባ ሐሰት ነው አላለችም።

«ታዲያ ቃለ መጠይቅ ላይ ምን ተናገሩ?»

«እሳቸውም ቃል ሰጥተው ነበር እንዴ?» አለ ፈጣኑ። «እኔ ጋ የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው። ማን ምን እንዳለ አላውቅም። ባውቅም ፈርሜያለሁ፤ ልነግርዎት አልችልም።»

«በዚህ ቤት የማይፈርም ሰው የለም መሰለኝ» አለችና ወጣች።

የኃላፊው ጠረጴዛ እንደ ራሱ ንጹሕ ነው። መሐሉ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ ያልተላከ አንድ ደብዳቤ ተቀምጧል። መርማሪዋ ሳታፍር በተገላቢጦሽ አነበበችው። ቤቱ ለጥናቱ የሰጠውን ፈቃድ ማንሣቱን የሚገልጽና እዚህ የተቀረጹ ድምፆች በሙሉ እንዲጠፉ የሚጠይቅ ነው።

«የዛሬ ሳምንት ያዘጋጀሁት ነው» አለ ኃላፊው፣ ጆሮው ቀልቶ። «አልላክሁትም። እያሰብኩበት ነበር።»

«የማሳደጊያው መዝገብ ምን ሆነ?»

ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ ነገራት። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የአንድ ሕፃናት ማሳደጊያ መዝገብ ወደ ዲጂታል ተቀየረ። የየትኛው ልጅ እናት ማን እንደሆነች የሚናገረው እሱ መዝገብ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ተከፍቶ መታየቱን አንድ ሠራተኛ በፊርማው አረጋገጠ፤ በዚያ ፊርማ ወረቀቱ ተወገደ። ከዓመታት በኋላ ፋይሎቹ ሲከፈቱ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች በቀር ሁሉም ባዶ ነጭ ገጽ ነበሩ።

«ለሰዎቹ ምን ብላችሁ ነው የምትመልሱት?»

«እየተፈለገ ነው እንላለን።» መስኮቱን አየ። «አንዲት ግራጫ ጃንጥላ የምትይዝ ሴት አለች፣ በየወሩ ትመጣለች። ‹እየተፈለገ ነው› የሚሏት አባ ቴፕ ነበሩ። ባለፈው ወር ‹ከንግዲህ እኔ አልናገርም፣ ሌላ ሰው አስቀምጥ› አሉኝ።»

«የፈረመው ሠራተኛ ማነው?»

«ያኔ እኔ አልነበርኩም። የማረጋገጫ ቅጹም ከወረቀቱ ጋር ተወግዷል ነው የሚሉኝ።»

የአባ ቴፕ ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ሬሳውን አይታ ወደ ላይ ወጣች። ፋርማሲስት ናት፤ ነጭ ካፖርቷን ማውለቅ ረስታዋለች። አላለቀሰችም። ሰው ወንበር ሲሰጣት ተቀመጠች፣ ውሃ ሲሰጣት ያዘችው። መርማሪዋ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ትፈራዋለች።

«ሹራቡን ማን ነው ያወለቀው?» አለች ልጅቷ።

«ሐኪሙ።»

«ይበርደዋል፤ ሁልጊዜ ይበርደዋል።» ውሃውን አየችው። «ድምፁን ያጠፉታል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወረቀቱ የሳቸው ከሆነ።»

«እኔ ጋ ድምፁ የለም። ስልክ ላይ ድምፅ አይተውም ነበር፤ ስልኩ ከተነሣለት ‹አለሁ፣ ነይ› ብሎ ይዘጋዋል። የሰውን ሁሉ ነገር ሲያስቀምጥ ኖሮ የራሱን አላስቀመጠም። ያቺ አርባ ደቂቃ ብቻ ናት ያለችው።» ይህንን የተናገረችው የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ አድርጋ ነው። «ቦርሳውን ሰጥተውኛል። ይሄ የሱ ቅጂ ነው።»

የስምምነት ቅጹ ነበር፣ አራት ታጥፎ። ተናጋሪው አንድ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ከገጹ ሥር በነጥብ መሥመር የተለየች፣ በመቀስ የምትቆረጥ ቁራጭ አለች፦ ፈቃዴን አንሥቻለሁ፤ ስም፤ ቃለ መጠይቅ የሰጠሁበት ቀን፤ ፊርማ። ሌላ ምንም አትጠይቅም። ቁራጯ አልተቆረጠችም። አንድ ፊደልም አልሰፈረባትም።

መርማሪዋ ከቁራጯ በላይ ያለውን የመጨረሻ መሥመር ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ዐሥር ሰዓት ሊሆን ነው።

«ሁሉንም አጥኚዋ ክፍል ሰብስቡልኝ» አለች።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተሰበሰቡ። አጥኚዋ ኮምፒውተሯን ፊቷ ከፍታ ተቀመጠች። ኃላፊው ቆመ። ፈጣኑ ወንበሩን ለአባ ቴፕ ልጅ ለቅቆ መስኮቱን ተደገፈ። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ነበር።

«አጭር ነው» አለች መርማሪዋ። «መጀመሪያ፣ አባ ቴፕ ራሳቸውን አልገደሉም። መሞት የፈለገ ሰው በሩን አይገፋም፤ እሳቸው መዳፋቸውና ትከሻቸው እስኪበልዝ ገፍተዋል። በሩ ደግሞ ቁልፍ የለውም። እንዳይከፈት ያደረገው የካርቶን ጋሪ ነው። አንድ ሰው በሩ ላይ አስጠግቶ ፍሬኑን ረገጠ፣ እጀታውን ሳበ። ሲጨርስ ፍሬኑ እንቢ አለው። እየጎተተ ወደ ግድግዳው መለሰው፤ ወለሉ ላይ ሁለት ጭረት ቀረ። ምድር ቤት የሚሠራ ሰው ያንን ፍሬን አይነካም። ስለዚህ ሰውየው ከላይ ነው የወረደው፤ የረቡዕን ደወል ግን ያውቃል።»

«ከላይ ያለነው ብዙ ነን» አለ ኃላፊው።

«አዎ። ወረቀቱ ነው ቁጥራችሁን የሚቀንሰው። ወረቀቱ ድምፁ እንዲጠፋ ይጠይቃል። እርስዎ ድምፅ ማጥፋት ቢፈልጉ ያቺን ደብዳቤ መላክ ይበቃዎት ነበር፤ የአንዱን አይደለም የሁሉንም ድምፅ ታጠፋለች። የማንንም ፊርማ ማስመሰል አያስፈልግዎትም። አንቺ ደግሞ» ወደ አጥኚዋ ዞረች፣ «ፋይሉ እጅሽ ላይ ነው። ብትፈልጊ አንድ ቁልፍ ተጭነሽ ማጥፋት ስትችይ፣ ለራስሽ የሐሰት ማመልከቻ ምን ያደርግልሻል?»

አጥኚዋ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች።

«ወረቀቱን የጻፈው፣ ድምፁ እንዲጠፋ የሚፈልግ ግን ራሱ ማጥፋት የማይችል ሰው ነው። አሁን ቁጥሯን እዩ። ዐሥራ አራት። አባ ቴፕ ይቺን ቁጥር አያውቋትም፤ ተናጋሪ ቁጥሩ አይነገረውም። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ኖሮ ቅጹ ላይ ያለችውን ቁራጭ ቆርጠው ስምና ቀን ይሞሉ ነበር። ቁራጯ ይቺውና፣ አልተነካችም። ቃለ መጠይቁን በስምም በቀንም ሳይሆን በቁጥር የሚያውቀው ማነው? ሲሰጠውም በቁጥር፣ ሲመልስም በቁጥር የሆነ ሰው ነው። ወረቀቱን ሲጽፍ አጥኚዋ የትኛው ፋይል እንደሆነ እንዳትሳሳት ብሎ እሱ በሚያውቀው መንገድ ጠራው። ልማድ ነው።»

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እኔ ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር» አለ ፈጣኑ። «ነግሬዎታለሁ፤ ለእኔ ቁጥር ናቸው።»

«ነግረውኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናልም ብለውኛል። የሠርግዎን ሽማግሌ ድምፅ አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ ያውም በፔዳል እየመለሱ፣ ጆሮዎ ውስጥ አድርገው ሲሰሙ ቆይተው ማን እንደሆኑ አላወቅሁም ይላሉ። እኔ እንኳ የሰፈሬን ወፍጮ ቤት ሰውዬ በሳሉ እለየዋለሁ።»

የፈጣኑ ጣቶች ሱሪው ላይ ቀስ ብለው ይመታሉ፣ የሚተይቡ ይመስል።

«ለምን ተገደሉ የሚለው ይቀራል» ቀጠለች። «ወረቀቱ ብቻውን አይሠራም። አጥኚዋ ደውላ ታረጋግጣለች፤ አባ ቴፕ ስልኩን ካነሡ ነገሩ አለቀ። ወረቀቱ እንዲሠራ ስልኩን የማያነሡ መሆን ነበረባቸው። ለዚህ ነው የሞቱት።»

በሩ ተንኳኳ። ኤሌክትሪሻኑ አንድ ገጽ ይዞ ገባና ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት መሐል ላይ ቆመ። ከቴፑ የወጣ የማረጋገጫ ቅጽ ነው። አባ ቴፕ ወረቀቱ ከመወገዱ በፊት ስካን አድርገው፣ ለማንም ሳይነግሩ አስቀምጠውት ኖሯል። «ሁሉም ገጾች ተከፍተው መታየታቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ የፈጣኑ ስምና ፊርማ አለ።

ፈጣኑ ወረቀቱን ሳያየው አወቀው።

«ሐሙስ ስሜን አልጠሩም» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር። «‹የፈረመው ልጅ እስካሁን አብሮኝ ይሠራል› ነው ያሉት። ‹መጀመሪያ ራሱን አነጋግረዋለሁ፣ ረቡዕ ግን እናገራለሁ› አሉ። ትላንት መጡ። ደረጃው ላይ ያዙኝ። ‹አብረን እንንገራቸው፣ እኔ ካንተ ጋር እቆማለሁ› አሉኝ። ልጆች አሉኝ አልኳቸው። ‹እነሱም ልጆች ነበሩ› አሉኝ።»

«ስንት ገጽ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት ሺህ። ዓርብ ቀን ነበር። ዐሥር ከፈትኩ፤ ዐሥሩም ጥሩ ነበሩ። የቀረውም ያው ነው ብዬ ፈረምኩ።» ቀና ብሎ የአባ ቴፕን ልጅ አየ። «እህቴ፣ አይሠቃዩም ብዬ ነበር። ጋዙ ያስተኛል ነው የሚሉት።»

ልጅቷ አየችው። ውሃው አሁንም እጇ ላይ ነው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው፣ ፈጣኑ ከልማድ ብዛት ይሁን ከሌላ፣ በሩን በቀስታ ከኋላው ዘጋው። ኃላፊው ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ አራት ቦታ ቀደደው፤ ምን እንደሚያደርገው ስላላወቀ ኪሱ መለሰው። ከዚያ ያቺ ጃንጥላ የምትይዘው ሴት ነገ እንደምትመጣ አስታውሶ፣ «እኔ ራሴ ነው የምነግራት» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ለዐሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ይቀራል።

መርማሪዋ ቅጹን ለአጥኚዋ ሰጠቻት። «የመጨረሻውን መሥመር አንብቢላት።»

«‹እኔ በሕይወት ባልኖር፣ ስለ ድምፄ የምትወስነው ልጄ ናት›» አነበበች አጥኚዋ። በእጅ የተሞላ ነው፣ እንደ ቴፑ በሥርዓት የተጻፈ። «ስለዚህ የርስዎ ነው። ይጥፋ ካሉ አጠፋዋለሁ። ይቆይ ካሉ ይቆያል።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች። «ምን ያህሉን መስማት እችላለሁ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም ዛሬ አልችለውም። መጀመሪያውን ብቻ።»

«መጀመሪያው እኮ ፈቃድ የምጠይቅበት ነው። ምንም የለውም።» አጥኚዋ ይህን ስትል ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሣች።

«እሱን ክፈቺልኝ።»

አጥኚዋ ከፈተችው። የወንበር ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሳል።

«ጋሼ፣ ሳንጀምር ቅጹን ላንብብልዎት።»

«አንብቢ እንጂ ልጄ፤ እኔ ምን ቸኮልኩ» አሉ አባ ቴፕ። ልጃቸው የውሃውን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ። የማይፈልጉትን ጥያቄ መመለስ አይገደዱም። ድምፅዎን የምንሰማው እኔና አንድ ጽሑፍ ገልባጭ ብቻ ነን።»

«ማነው ገልባጩ?»

«እሱን መናገር አይፈቀድልኝም፣ ጋሼ። ግን ምሥጢር ለመጠበቅ ፈርሟል።»

ትንሽ ዝምታ ነበር። አባ ቴፕ የሚያስቡበት ዝምታ ነው፤ ልጃቸው ታውቀዋለች።

«ከፈረመማ ጥሩ» አሉ። «ተስማምቻለሁ። ቀጥይ።»

አጥኚዋ አቆመችውና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከታች፣ የሥራ ሰዓት ማለቁን የሚናገረው ደወል ተደወለ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

«ድገሚልኝ» አለች ልጅቷ።